ግሸን በካሜራ ፊት

ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ ዞን፣ በአምባሰል ወረዳ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን ገደል የከበባት አምባ ናት። አናቷ ላይ አብያተ ክርስቲያናት፣ የካህናትና የመነኮሳት ቤቶች፣ የአብነት ተማሪዎች ጎጆዎችና የመቃብር ስፍራ አሉ፤ አንድ ሙሉ የገጠር መንደር ከነደብሩ ገደል አፋፍ ላይ ሰፍሮ ይታያል። ፎቶ አንሺን ወደዚያ የሚስበው ይህ ነው። የሚፈትነው ደግሞ ሌላ ነው። ግሸን ዝነኛ የሆነችባቸው ነገሮች አንዳቸውም ለካሜራ በቀጥታ አይቀርቡም። ክርስቶስ የተሰቀለበት መስቀል ክፋይ እንደሆነ የሚታመነው ግማደ መስቀል ከመሬት በታች ነው፤ ታቦቱ የሚወጣው በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ነው፤ ተግዘውባት የኖሩት የነገሥታት ልጆች ካለፉ ብዙ መቶ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መስቀለኛ ነው የሚባለው የአምባዋ ቅርጽ እንኳ ላይዋ ላይ ለቆመ ሰው አይታይም። ለካሜራ የሚቀሩት መንገዱ፣ ድንጋዩ፣ ብርሃኑና ሰዉ ናቸው።

ትውፊቱ የአምባዋን ክርስትና ወደ ዐፄ ካሌብ ዘመን ይወስደዋል፤ የእግዚአብሔር አብንና የማርያምን ታቦቶች አባ ፈቃደ ክርስቶስ የተባሉ መነኩሴ ከናግራን ይዘው እንደመጡ ይተረካል። በየዘመኑም ደብረ ነጎድጓድ፣ ደብረ እግዚአብሔር፣ ደብረ ነገሥት እየተባለች ተጠርታለች። የዛሬውን ዝና ያተረፈላት ግን የዐፄ ዳዊትና የልጃቸው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ታሪክ ነው። ዐፄ ዳዊት ከግብፅ በኩል ያገኙትን ግማደ መስቀል አገራቸው ሳያደርሱ አረፉ፤ ዘርዐ ያዕቆብም መስቀሉን በመስቀለኛ ስፍራ እንዲያስቀምጡ በራእይ ታዝዘው ከተራራ ተራራ ሲፈልጉ ግሸንን አገኙ፤ ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርቦም በጥልቅ ጉድጓድ ተቀመጠ ይላል ትውፊቱ። የየዓመቱ የመስከረም 21 ክብረ በዓል ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ አምባዋን አስቀድመው ያውቋት ነበር። በ1434 እ.ኤ.አ. ለንግሥና ከመጠራታቸው በፊት እንደ ሌሎቹ የንጉሥ ልጆች እዚያው ተግዘው ኖረዋል። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የዙፋን ተፎካካሪ ሊሆኑ የሚችሉ መሳፍንት ወደ ግሸን ይወጡ ነበር፤ ከመካከላቸው የሚወርደው ለንግሥና የተመረጠው ነው። መውጫው ጠባብ፣ ገደሉ ቀጥ ያለ በመሆኑ ጥቂት ዘበኛ ይበቃ ነበር። የአዳሉ መሪ የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር በ1531 እና በ1533 እ.ኤ.አ. ሞክሮ ሳይሆንለት ቀርቶ በ1540 ያዛት፤ የመሳፍንቱ ግዞት በዚያ አበቃ። ልማዱ በኋላ ወደ ጎንደር አቅራቢያ ወደ ወኅኒ አምባ ተሻገረ፤ ወህኒ ቤት የሚለው ቃልም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል።

ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት አውሮፓ ግሸንን በወሬ ብቻ ነው የሳላት። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ነገሥታቱ ልጆች ተራራ በስፋት ጽፏል፤ መጽሐፉ ሊዝበን ላይ የታተመው አምባዋ በተያዘችበት በዚያው በ1540 ነበር። ወሬው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየለመለመ ሄደ። ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ‘የጠፋው ገነት’ ውስጥ ግሸን የአማራ ተራራ ተብላ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ለምለም ስፍራ ሆና ገባች። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ‘ራስላስ’ የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ ተራራውን ወደ ሸለቆ ለውጦ ልዑሉን በደስታ ሸለቆ ውስጥ አኖረው፤ ይህን መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ብርዱን፣ ድንጋዩንና ቀጭኑን መንገድ ለሚያውቅ የወሎ ሰው ያ ገነት የማን አገር እንደሆነ ግራ ቢያጋባው አይፈረድበትም።

ፎቶግራፍ ራሱ የተወለደው ከገጠር መንደር ብዙም ሳይርቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ላኮክ በምትባል መንደር፣ ቀድሞ የሴቶች ገዳም በነበረ ቤት የሚኖረው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1835 እ.ኤ.አ. በበጋ የአንዱን መስኮት ምስል በወረቀት ላይ አስቀረ። እስከ ዛሬ ተጠብቀው ካሉት ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ወረቀቱ በመዳፍ ይሸፈናል፤ ሆኖም ታልቦት ከጎኑ በጻፈው ማስታወሻ 200 ያህሉ የመስተዋት ቁርጥራጮች በማጉያ መነጽር ሊቆጠሩ ይችሉ እንደነበር መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ መንደርና የሰበካ ቤተ ክርስቲያኑ የፎቶ አንሺዎች ዘወትራዊ ርዕስ ሆነው ቆይተዋል። ፍሬድሪክ ኢቫንስ በ1903 የዌልስ ካቴድራልን የተቦረቦሩ ደረጃዎች ለማንሳት ብርሃኑ እስኪደርስለት ይጠብቅ ነበር። ሰር ቤንጃሚን ስቶን በ1897 አሮጌ ሕንፃዎችና ልማዶች ከመጥፋታቸው በፊት በፎቶ እንዲመዘገቡ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1941 ደግሞ የጀርመን ቦምብ ከተሞችን ሲያፈርስ ሕንፃዎችን በፎቶ የሚመዘግብ ብሔራዊ ተቋም ተመሠረተ።

ካሜራ ወደ ወሎ የመጣው ከጦር ጋር ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር የፎቶ ቡድን ነበረው፤ መሪው ሳጅን ጆን ሃሮልድ ነበር። ሥራው ካርታና ንድፍ በፎቶ ማባዛት ቢሆንም አምባውን፣ ሰፈሩንና ሰውንም አንስቷል። በዚያው ዓመት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ ከደረሰ በኋላ በዋይት ደሴት በፍሬሽወተር መንደር በጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ፤ ከወሎ አምባ ወደ እንግሊዝ መንደር የተወሰደው ሕፃን ፊት ዛሬም ከፎቶዎቹ ላይ ያስተክዛል። በአገር ውስጥ የፎቶ ቤት ሥራ ሥር የሰደደው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆነው ለተከታታይ ነገሥታት ሠርተዋል።

ከላይ ለእንግሊዝ መንደር የተጠቀምንበት ሰበካ የሚለው ቃል በኢትዮጵያም የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን የሥራ ክልል ያመለክታል፤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አለው። ይህን መጥቀስ ያስፈለገው ለወግ አይደለም። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከቦርሳው ከማውጣቱ በፊት ሊያነጋግራቸው የሚገቡ ሰዎች የደብሩ አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤው አባላት ናቸው። ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መያዝ ይረዳል፤ ደብዳቤው ግን አባቶችን አይተካም። ገብቶ መስቀል ተሳልሞ፣ የመጣበትን ነግሮ፣ ምን ማንሳት እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ ጠይቆ የጀመረ ሰው ቀኑን በሰላም ይውላል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በውጫሌና በሐይቅ በኩል ካለፈ ወዲህ ካሜራ የያዘ እንግዳ ከቀድሞው የበለጠ ጥያቄ ቢቀርብለት ሊገርመው አይገባም።

አምባዋን በሙሉ የሚያሳይ ፎቶ የሚገኘው ከእሷ ላይ አይደለም። ፊት ለፊት ካሉት ሸንተረሮች ነው። ላይዋ ላይ የቆመ ሰው ሜዳ፣ ቤትና ዛፍ ያያል፤ ገደሉ ከእግሩ ሥር ስለሆነ ከፍታው አይመዘገብለትም። ከማዶ ሲታይ ግን የንብርብር ድንጋዩ ግድግዳ፣ ከሥሩ የተዘረጋው ማሳና አናቱ ላይ የተጠጋጉት ቤቶች በአንድ ክፈፍ ይገባሉ። ለዚህ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ረጅም ሌንስ ይመረጣል። ሰፊ ሌንስ አምባዋን ገፍቶ ያሳንሳታል፤ ረጅሙ ግን ከኋላዋ ያሉትን ተራሮች ስቦ ያስጠጋል፣ የአምባሰል ተራሮች እርስ በርስ መደራረብም ጎልቶ ይወጣል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚህ አገር ነው፤ አምባሰልን ሲያዜሙ የሰማ ሰው መልክዓ ምድሩን ሲያይ የሚያውቀው ነገር እንዳየ ይሰማዋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመባት ውጫሌም በዚሁ አካባቢ ናቸው፤ ስለዚህ ለግሸን የወጣ ፎቶ አንሺ ብዙውን ጊዜ እነሱንም ያካትታል።

የዓመቱ ወራት ለሥራው እኩል አይደሉም። መስከረም ዝናቡ አየሩን ካጠበ በኋላ የሚመጣ ወር ነው፤ አደይ አበባ በየዳገቱ ይፈካል፣ ሩቁ ተራራ ሳይደበዝዝ ይታያል፣ ጠዋት ላይ ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ አምባዋን ደሴት ያስመስላታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ማሳው ወርቃማ ይሆናል፣ አጨዳና ውቂያ ይታያል። ከየካቲት ወዲያ አቧራና ጭጋግ ሩቅ እይታን ይጋርዳሉ፤ ደቡብ ወሎ የበልግ አገር በመሆኑም ዝናብ ድንገት ሊመጣ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ለመንገዱም ለካሜራውም አይመቹም።

የፀሐዩ ነገር ከዚህ በላይ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ ፎቶ የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ለእንግሊዝና ለመሰል አገሮች ሰማይ የተጻፉ ናቸው። በደቡብ እንግሊዝ በክረምታቸው ወር የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው፤ ቀኑን ሙሉ ጥላው ረጅም፣ ብርሃኑ የለሰለሰ ይሆናል። ግሸን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ናት። በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ፀሐይዋ 55 ዲግሪ ላይ ትቆማለች፤ በመስከረም 21 ወደ 75 ዲግሪ ትደርሳለች፤ በሚያዝያ 12 እና በነሐሴ 17 አካባቢ ደግሞ ልክ አናት ላይ ትውላለች። በነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሰሜን በኩል ሲበራ ያየ እንግዳ አቅጣጫ የተሳሳተበት ሊመስለው ይችላል። ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም ቀጥ ብላ ነው፤ ከአድማስ 10 ዲግሪ ለመውጣት 40 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። የጠዋቱ ወርቃማ ብርሃን ስለዚህ አጭር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታውን ይዞ ያልተዘጋጀ ሰው 2 ሰዓት ሲሆን ጥቁር ጥላና ጠንካራ ንጣት ይቀረዋል። በቀትር ፀሐይ የሰው ፊት ሲነሣ ቅንድቡ ዓይኑን ያጨልመዋል፤ ያን ሰዓት ለእንጀራና ለዕረፍት፣ ወይም ለቤት ውስጥ ሥራ መተው ይሻላል።

መኪና እስከ አምባዋ እግር ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። መንገዱ እየጠበበ፣ ድንጋዩ በእግር ብዛት እየለሰለሰ ወደ በሩ ይወጣል። ከግሸን ፎቶዎች ሁሉ እጅግ የሚናገሩት በዚህ አቀበት ላይ የተነሡት ናቸው። መንገዱ ዝቅ ብሎ ሲታይ ሰዎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው እንደ ሐረግ ይጠመዘዛሉ፤ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ደግሞ ፊታቸው፣ ላባቸውና የያዙት በትር ይታያል። እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት መንገድ ላይ መቆም ነው። አቀበት የያዘ ምእመን ቆም ሲል እግሩ ይዝላል፣ ከኋላው ያለውም ይገታል። ፎቶ አንሺው ከመንገዱ ወጣ ካለ ቋጥኝ ላይ መቆም አለበት፤ ገደሉን ግን አስቀድሞ በዓይኑ መለካት ይገባዋል። ዓይን ካሜራ ላይ ተተክሎ እግር አይነቀልም። ይህ ሕግ ለግሸን ብቻ የወጣ ይመስላል።

በሩን አልፎ ሜዳው ላይ ሲደረስ የሥራው ጠባይ ይለወጣል። የእግዚአብሔር አብ፣ የማርያም፣ የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ገብርኤል ስም ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት በአምባዋ ላይ ይገኛሉ። ሕንፃ ሲነሣ የመጀመሪያው ጉዳይ የቀጥታ መስመር ነው። ካሜራው ወደ ላይ ቀና ሲል ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ሕንፃውን ቀጥ አድርጎ ለማሳየት ካሜራውን አግድም አስተካክሎ ወደ ኋላ መራቅ ወይም ከፍ ካለ ቦታ ማንሳት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጉዳይ ጣሪያው ነው። አዲስ ቆርቆሮ በፀሐይ ጊዜ ካሜራን ያሳውራል። ብዙ ሰው ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ይህን የሚፈታ ይመስለዋል፤ ማጣሪያው ግን ከውኃ፣ ከቅጠልና ከቀለም የሚመጣውን ነጸብራቅ እንጂ ከራቁት ብረት የሚመጣውን አያጠፋም። መድኃኒቱ ሰዓት መቀየር ነው፦ ማለዳ፣ ወይም ደመና ፀሐዩን ሲሸፍን። ሦስተኛው፣ ሕንፃን ብቻውን ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ያደኸየዋል። ከቅጽሩ ግንብ ተደግፎ ዳዊት የሚደግም ሰው፣ ከጥድና ከወይራ ጥላ ሥር የተቀመጡ አሮጊቶች፣ ከደጀ ሰላም የተሰቀለ ደወል፣ እነዚህ የሕንፃውን ልክም ጥቅሙንም ይናገራሉ።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ሦስት ክፍል አለው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። መቅደሱ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም የማይገባበት ስለሆነ ጥያቄም አይነሣበትም። በቅኔ ማኅሌት ከተፈቀደ ጫማ አውልቆ፣ ድምፅ አጥፍቶ፣ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ ማንሳት ይቻላል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ በአንድ በኩል ከበሩ የሚገባ ኃይለኛ ብርሃን፣ በሌላ በኩል ጥቁር ማዕዘን። ፍላሽ ሁለቱንም ያበላሻል፦ የብርሃኑን መንፈስ ይገድላል፣ ሥዕሉን የሸፈነውን መስተዋት ያብለጨልጫል፣ ጸሎተኛውንም ያውካል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ካሜራውን አስቀምጦ ከ1 እስከ 4 ሴኮንድ መዝጊያውን ክፍት መተው ይሻላል። ማቆሚያ ካልተፈቀደ ከምሰሶ ተደግፎ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ አይ ኤስ ኦውን ወደ 3200 ከፍ አድርጎ መሞከር ነው። የቀለሙ ሚዛንም ይታሰብበት፤ ከበር የሚገባው የቀን ብርሃን ሰማያዊ፣ የጧፉ ነበልባል ቀይ ያዘነብላል፤ ሮው በሚባለው ፋይል ከተነሣ ኋላ ማስተካከል ይቻላል።

የመስከረም 21 በዓል ሌላ ዓለም ነው። ምእመናን ከየአገሩ፣ ከውጭ አገርም ጭምር በብዙ ሺህ ሆነው ይወጣሉ። በዋዜማው ማኅሌት ይቆማል፤ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ሌሊቱን ይዘልቃሉ፤ ሜዳው በጧፍ ብርሃን ይሞላል። እዚህ ላይ ካሜራ በራሱ ሲሠራ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ነጠላዋን አጣፍታ የተከናነበች እናት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከበሩ አጠገብ ብትቀመጥ፣ ከክፈፉ ከግማሽ በላይ የሚይዘው ነጭ ጨርቅ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ስለሆነ፣ ነጠላው በዝቶ ሲያይ ብርሃን በዝቷል ብሎ ይቀንሳል። ውጤቱም ነጠላው የአመድ ቀለም፣ ፊቷ ደግሞ የጨለመ ይሆናል። የነጠላውን ንጣትና የፊቷን ወዝ አንድ ላይ ለማግኘት ከመለኪያው ንባብ አንድ ደረጃ ብርሃን መጨመር፣ ከዚያም የጥለቱ ክር ነጥቶ እንዳልጠፋ በስክሪኑ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከበስተጀርባዋ ጥቁር ገደል ካለ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ መለኪያው ጨለማውን አይቶ ይጨምራል፣ ነጠላውም ይቃጠላል። ስለዚህ መለካት ያለበት ፊት ነው። ጥላ የያዘ ካህን ሲነሣም ሌላ ወጥመድ አለ፤ ቀይ የሐር ጥላ ፊትን ቀይ፣ አረንጓዴው ደግሞ የታመመ ሰው ፊት ያስመስለዋል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ ፊቱ ከጥላው ክብ ሲወጣ መጠበቅ ነው።

ታቦቱ ሲወጣ ምእመናን ይሰግዳሉ፣ እልልታው ይቀልጣል። ያን ጊዜ ፎቶ አንሺ ከታቦቱ ፊት ለፊት የኋሊት እየሄደ ማንሳት ልማድ ሆኗል፤ ልማዱ ግን መጥፎ ነው። ከጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ በረጅም ሌንስ የተነሣ ፎቶ ለዓይንም ይሻላል፣ ለበዓሉም ክብር ነው። ቆራቢዎችን፣ ጸበል የሚጠመቁትንና የታመሙትን አለማንሳት ክብራቸውን መጠበቅ ነው፤ ፎቶ አንሺው ማንም እስኪነግረው አይጠብቅ።

ከበዓሉ ውጭ ባሉት ቀናት መንደሩ ወደ ራሱ ኑሮ ይመለሳል፤ ሰዎችን ለማንሳት ይህ ይሻላል። ሰው ሲነሣ መጀመሪያ ሰላምታ ይቀድማል። መነኩሲቷን እማሆይ፣ መነኩሴውን አባ፣ የዜማ መምህሩን መሪጌታ ብሎ ያልጠራ እንግዳ ፎቶ ሊፈቀድለት ቢችልም ፊት አይፈታለትም። አንዳንድ ባሕታውያን መነሣትን ፈጽሞ አይወዱም፤ እጃቸውን ፊታቸው ላይ ሲያነሡ ያ መልሳቸው ነው። ገንዘብ ለፎቶ መስጠት ሕፃናቱን ከትምህርት ወደ ልመና ያወጣል፤ ከመንገደኛ ኪስ የወጣች ብር ከምትሠራው ጥፋት ይልቅ ከደሴ ፎቶ ቤት ታጥቦ በሌላ ጊዜ የተመለሰ አንድ የወረቀት ፎቶ የሚሠራው በጎ ይበልጣል።

የቅርስ ፎቶ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግሸን መጽሐፈ ጤፉት በተባለው ጥንታዊ ብራና ትታወቃለች፤ የግማደ መስቀሉ ታሪክ የተመዘገበው በእሱ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ አንድሬ ካኮ በ1955 እ.ኤ.አ. በዚህ መጽሐፍ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አሳትሟል። ብራና ሲነሣ ካሜራው ከገጹ በላይ ትይዩ ሆኖ ይቀመጣል፣ ብርሃኑ ከሁለት ጎን እኩል ይመጣል፣ ከገጹ አጠገብ ማስመሪያ ይደረጋል፤ ገጹን የሚገልጠው ካህኑ እንጂ ፎቶ አንሺው አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ፕሮጀክት የሐይቅ እስጢፋኖስን መጻሕፍት አንስቷል፤ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የሚጠቀሰው በማይክሮፊልም ቁጥሩ በ1832 ነው። ፊልሞቹን ከመረመሩትና ካታሎግ ካዘጋጁት ዋናው ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ሐይቅ ሄዶ የማያውቅ ተመራማሪ ብራናውን ማንበብ የቻለው አንድ ሰው ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ስለያዘ ነው።

መስቀለኛውን ቅርጽ የሚያሳየው ብቸኛው መንገድ ከሰማይ ነው፤ ሳተላይትና ድሮን ከመምጣታቸው በፊት በትውፊትና በንድፍ ይታወቁ የነበሩት የአምባዋ ክንዶች አሁን በፎቶ ይታያሉ። ድሮን ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም። ፈቃድ ቢኖርም ከገደል ሥር የሚነሣው ነፋስ ቀላል ድሮንን ይገለብጣል፤ በጸሎት ሰዓት የሚያሰማው ጩኸትም አባቶችን ያስቆጣል።

የሚያዘው ዕቃ ባነሰ መጠን ይሻላል፤ አቀበቱ ዳኛ ነው። አንድ የካሜራ አካል፣ አንድ ሰፊና አንድ ረጅም ሌንስ፣ ሦስት የተሞሉ ባትሪዎች፣ ሁለት ሜሞሪ ካርድ፣ ቀላል ማቆሚያና ደረቅ ጨርቅ ይበቃሉ። መብራት ይኖራል ብሎ ቻርጀር ብቻ ይዞ መውጣት የዋህነት ነው። የደጋው ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚያደክም ሌሊት ከጋቢ ሥር አስገብቶ ማሳደር ይረዳል። ለድንገተኛ ዝናብ ውድ ሽፋን አያስፈልግም፤ ከሌንሱ አፍ ላይ የተቀደደ ፌስታል በላስቲክ ታስሮ ሥራውን ይሠራል።

በመጨረሻ የካሜራው ሰዓትና ቀን አለ። ካሜራ የሚመዘግበው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ መስከረም 21 በአብዛኛው ኦክቶበር 1 ሲሆን ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ኦክቶበር 2 ይውላል። ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ይራራቃል። በዚህ የተነሣ በርካታ የግሸን ፎቶዎች በተሳሳተ ቀን ተመዝግበው ይገኛሉ፤ የቀኑ ስሕተት ደግሞ የበዓሉን ፎቶ ከማግስቱ ፎቶ ጋር ያደባልቃል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆመበትን ቦታና የፈቀደለትን የአጥቢያውን አካል በዚያው ዕለት ማታ በደብተሩ ይጻፍ። አንድ ቅጂም በወረቀት አሳጥቦ፣ ከጀርባው ይህንኑ ጽፎ፣ ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ ያስረክብ።